የዝንቦቹ ውሃ

መጋቢት 3፣ ሰኞ

ዝንብ እጇን የምትፋትገው ለምንድን ነው? ምሳ ላይ ተቀምጦ ይህን ያልጠየቀ ሰው ያለ አይመስለኝም። አክስቴ «ልትበላ ስትል ትታጠባለች፤ ከእናንተ ትሻላለች» ትለን ነበር። ዛሬ ሥራ ስጀምር ከአለቃዬ የሰማሁት ግን ሌላ ነው። ዝንብ የምትቀምሰው በእግሯ ነው አለኝ። እግሯ ከቆሸሸ ጣዕሙ ይጠፋባታል፤ ስለዚህ ትጠርገዋለች። ይኸው ነው። እንግዲህ በአክስቴ ጭማቂ ቤት የብርጭቆ አፍ ላይ የምታርፈው ሁሉ ቀምሳን ነው የምትሄደው። ማታ ብርጭቆ ማንሣት ቀፈፈኝ።

ያም ሆኖ ደስ ብሎኛል። ከተመረቅኩ ጀምሮ ስንት በር ካንኳኳሁ በኋላ ነጭ ጋዋን ለበስኩ። የተባይ መድኃኒት የሚሠራ ትንሽ ፋብሪካ ነው። አዲስ የዝንብ ዱቄት አውጥተዋል፤ ከድሮው ይሻል እንደሆነ መፈተን የእኔ ሥራ ነው። በሥራዬ ከተደሰቱ በቋሚነት ይቀጥሩኛል፤ ካልተደሰቱ ደህና ሁኚ። እኔም ዝንቦቹም ሙከራ ላይ ነን።

አለቃዬን፣ የላቦራቶሪውን ኃላፊ፣ ሠራተኛው ሁሉ «መቶ በመቶ» ነው የሚለው፤ ምን ቢጠይቁት መልሱ ይህ ስለሆነ። ሽንት ቤቱ ይሠራል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «መቶ በመቶ» አለኝ። አይሠራም።

መጋቢት 5፣ ረቡዕ

የዝንብ ማርቢያውን ክፍል አየሁ። ፉርሽካ በወተት ዱቄት ተለውሶ ባልዲ ውስጥ ይገባል፤ ከላዩ የከረመ ሳንባ ጣል ይደረግበታል። ትንሽ ሲቆይ ባልዲው ራሱ መተንፈስ ይጀምራል። ትሉ ከሥር ወደ ላይ ሲንተከተክ ድምፅ አለው፤ እርጥብ ወረቀት የሚያኝክ ሰው ይመስላል። መቶ በመቶ ያለ ጓንት እጁን ከትቶ ዘግኖ አሳየኝ። «ልጆቼ ናቸው» አለ። ቀጥሎ በዚያው እጁ ዳቦውን ቆረሰ።

ቤት ስገባ ታናሽ እህቴ ትራሷን ይዛ ወደ አልጋው እግርጌ ዞረች። «ጸጉርሽ ሞቶ ሸቷል» አለችኝ።

መጋቢት 8፣ ቅዳሜ

ዕቅዴን ጨረስኩ። ሦስት የወንፊት ሣጥኖች። በአንዱ ምንም ዱቄት የለም፣ በአንዱ የድሮው፣ በአንዱ አዲሱ። ዝንቡ እኩል፣ ስኳሩ እኩል፣ ለእያንዳንዱ አንድ የውሃ ሳህን፣ ሁሉም አንድ መደርደሪያ ላይ፣ አንድ ሙቀት ውስጥ። የሚለየው ዱቄቱ ብቻ። ያን ጊዜ በአንዱ ሣጥን ብዙ ቢሞት ከዱቄቱ በቀር የሚጠየቅ የለም። አስተማሪያችን «አንዱን ፍታ፣ ሌላውን እሰር» ይሉን የነበረው ይህንን ነው። ያኔ ለፈተና ነበር የሸመደድኩት፤ ዛሬ በራሴ እጅ ስጽፈው ልቤ ሞቀ።

መቶ በመቶ አገላብጦ አየው።

«ይሄ ባዶው ሣጥን ምን ይሠራል?»

«ማነጻጸሪያ ነው። ዝንቦቹ እንዲሁም ይሞቱ እንደሆነ እናይበታለን።»

«ስለዚህ ምንም ላለማድረግ ዝንብ ልናባክን ነው?» ሳቀ። «ግድ የለም፤ የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል።»

ስለ ሌላው ያለው ነገር የለም።

መጋቢት 12፣ ረቡዕ

በጥድፊያ። አዲሱ ዱቄት እርጥበት ይስባል። ከውሃው ሳህን አጠገብ ረግቶ ሊጥ ሆነ፤ ዝንቦቹ ተጣበቁበት፤ ግማሾቹ ክንፋቸውን ጥለው በእግራቸው ይሄዳሉ። መቶ በመቶ «ሳህኗን አውጪያት፤ እንዲህ ሆኖ ለሰው አይታይም» አለ። አወጣኋት። ነገ የሚሻል ቦታ ፈልጌ እመልሳታለሁ።

መጋቢት 13፣ ሐሙስ

አለቁ። በአዲሱ ሣጥን የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ እነሱም በጀርባቸው ተኝተው እግራቸውን ያወራጫሉ። በድሮው ዱቄት ግማሽ ያህሉ ሞተዋል። በባዶው ሣጥን ሁሉም ደህና ናቸው። ቆጥሬ፣ ደግሜ ቆጠርኩ። የእኔ ሙከራ፣ የእኔ ውጤት። እንዲህ ዓይነት ዱቄት ለአክስቴ ቤት ቢደርስ ምን ማለት እንደሆነ እያሰብኩ ሬሳቸውን በወረንጦ ለቀምኩ።

ከሰዓት ማተሚያ ቤቱ ባዶ ቆርቆሮዎቹን አመጣ። አረንጓዴ ናቸው፤ «ከመቶ ዘጠና ስምንቱን ዝንብ ይገድላል፤ በላቦራቶሪ የተረጋገጠ» ይላል። ሙከራው ገና አላለቀም እኮ አልኩት። መቶ በመቶ «ቀለሙ እስኪደርቅ ድረሽበት» አለኝ። ምን ያህል ቢያምኑን ነው።

መጋቢት 19፣ ረቡዕ

ለሁለተኛ ጊዜ ደገምኩ። ውጤቱ ያው ነው፤ እንዲያውም ይበልጣል። በአዲሱ ሣጥን አንድም አልተረፈም። ሙቀቱ በርትቷል፤ የክፍሉ ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ እኩለ ቀን ላይ እኔም አፌ ይደርቃል።

መደርደሪያውን አስተካከልኩ። ያቺ ትርፍ ሳህን ለጸጉር መያዣዬ ጥሩ ሆናለች።

መጋቢት 22፣ ቅዳሜ ማታ

ታናሼ የሳይንስ ፈተና አለባት፤ ጠይቂኝ አለችኝ። በኋላ ግን ጠያቂዋ እሷ ሆነች።

«ነፃ ተለዋዋጭ?»

«አንቺ ሆን ብለሽ የምትለውጪው።»

«ጥገኛ ተለዋዋጭ?»

«በእሱ ምክንያት የሚለወጠው። የምትለኪው እሱን ነው።»

«አክስቴ ነፃ፣ እኛ ጥገኛ።»

አክስቴ ከወጥ ቤት ሰምታ «ጥገኛዋ መጥታ ብርጭቆ ትጠብ» አለች።

ከዚያ መልመጃውን አነበበችልኝ። አንድ ልጅ ሁለት ችግኝ ተከለ። አንዱን ማዳበሪያ ጨምሮ መስኮት ላይ አስቀመጠው፤ ሌላውን ያለ ማዳበሪያ ጓዳ ከተተው። የመስኮቱ አደገ። ልጁም «ማዳበሪያው ነው ያሳደገው» አለ። ስሕተቱ ምንድን ነው?

«ሁለት ነገር ነዋ የለወጠው» አለች፤ እስካስረዳት እንኳን አልጠበቀችም። «ማዳበሪያው ይሁን ብርሃኑ በምን ያውቃል? ይሄ ልጅ ግን ጅል ነው።»

«ልክ ነሽ።»

«ምን ሆንሽ?»

«ደክሞኝ ነው።»

ደክሞኛል። የባልዲው ሽታ እንቅልፍ ይነሣል። ሌሊቱን ደጋግሜ እየተነሣሁ ውሃ ጠጣሁ።

መጋቢት 24፣ ሰኞ

ሳህኗን ልመልስ ብዬ ነበር። ጊዜ የለም። ሪፖርቱ ለነገ ይፈለጋል።

መጋቢት 25፣ ማክሰኞ

ፈረምኩ።

ሪፖርቱ ውስጥ «ሣጥኖቹ ከዱቄቱ በስተቀር በሁሉም ነገር እኩል ነበሩ» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። ከዕቅዴ የገለበጥኩት ነው። እዚያ «ይሆናሉ» ይል የነበረውን «ነበሩ» አደረግኩት እንጂ ሌላ የነካሁት የለም።

የፋብሪካው ባለቤት መጣ። ወፍራም፣ ሽቶው ከሩቅ የሚጣራ ሰው ነው፤ ላቦራቶሪው በር ላይ ቆሞ መሐረቡን አፍንጫው ላይ ያዘ።

«ማን ነው የፈረመው?»

«አዲሷ ምሩቅ ናት» አለ መቶ በመቶ።

«ጥሩ ነው። የምሩቅ ፊርማ ንጹሕ ነው።»

እጄን ጨበጠኝ። ከዚያ እጁን በመሐረቡ ጠረገ፤ መጀመሪያ መዳፉን፣ ቀጥሎ ጣቶቹን አንድ በአንድ። ያቺን በመጀመሪያው ቀን የጻፍኳትን ዝንብ አስታወሰኝ። ቀምሶኝ ሄደ።

ሚያዝያ 2፣ ማክሰኞ

ከመጀመሪያዎቹ ቆርቆሮዎች አንዱን ለአክስቴ አመጣሁላት። እሷ ከዝንብ ጋር የተጣላችው እኛን ማሳደግ ሳትጀምር ነው። ማንጎ በተላጠ ቁጥር እርጥብ ጨርቋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ቀኑን ሙሉ እሽ ስትል ትውላለች። ቆርቆሮውን ስታይ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ዱቄቱን በሳህን አድርጋ መስኮቱ ላይ አስቀመጠች፤ ከዚያ በር ላይ ወጥታ ለመንገዱ ሁሉ አወራች።

«የእህቴ ልጅ ናት የፈተነችው። በእጇ ፈርማበታለች።»

ማዶ ያለው ሥጋ ሻጭ «ፊርማዋን ብቻ ብሰቅለው አይበቃም?» አላት።

«አንተ መጀመሪያ ቢላህን እጠብ።»

ሥጋ ሻጩ ገዛ። ዳቦ ጋጋሪዋም ገዛች። አክስቴ እያዞረች ነው ያሻሻጠችው፤ ማንም አልከፈላትም። እኔ ቆሜ ፈገግ አልኩ። ጉንጬ እስኪያመኝ።

ሚያዝያ 9፣ ማክሰኞ

ዝንቡ በዛ። የመብዛቱ ነገር አያጠያይቅም። ዱቄቱ ውስጥ ስኳር አለ፤ ከመንደሩ ሁሉ እየተጠራሩ ይመጣሉ፣ ይቀምሳሉ፣ እግራቸውን ይጠርጋሉ፣ ከዚያ ወደ ማንጎው። ሥጋ ሻጩ መንገዱን ተሻግሮ መጣ።

«ምሩቋ፣ ያንቺ ዱቄት ተመችቷቸዋል። ትናንት አንዷ ከመጥገቧ የተነሣ መብረር አቅቷት በእግሯ አሻገርኳት።»

ሰው ሳቀ። አክስቴ አልሳቀችም። ወደ እኔ ዞራ «ምን ጎደለን ልጄ?» አለች። ምን ጎደለን አለች እንጂ ምን ጎደለው አላለችም።

«መጠኑን ጨምሩ» አልኳቸው።

ይህን የተናገረው አፌ ነው። ጥርሴን ደጋግሜ ፋቅሁ፤ አልለቅ አለኝ።

ሚያዝያ 12፣ ዓርብ

መቶ በመቶ ለገበያ ጉዳይ ወጥቶ ሰነበተ። ጸጉር መያዣዬን ከሳህኗ ላይ ደፋሁት።

አራት ሣጥኖች። ሁለቱ ውስጥ አዲሱ ዱቄት፣ ሁለቱ ውስጥ ስኳር የተቀላቀለበት ተራ የዳቦ ዱቄት፤ መልኩ እንዲመሳሰል ቀለም ጨመርኩበት። ከየጥንዱ አንዱ ውሃ አለው፣ አንዱ የለውም። ማን ምን እንደሆነ እያወቅኩ እንዳላይ ታናሼ ሣጥኖቹ ላይ የምትለጥፈውን ምልክት ለራሷ ብቻ እንድትይዝ አደረግኩ። አፍንጫዋን በሻርፕ ጠቅልላ ነው የገባችው።

«ቀድሞ ያልሠራሽው ለምንድን ነው?» አለችኝ።

«አጥብቀሽ ለጥፊው» አልኳት።

ሚያዝያ 13፣ ቅዳሜ

ምልክቱን ታናሼ ፈታችልኝ። ውሃ በሌላቸው በሁለቱም ሣጥኖች ዝንቦቹ አልቀዋል፤ በዱቄታችን ያሉትም፣ በዳቦ ዱቄት ያሉትም። ውሃ ባላቸው በሁለቱም ሣጥኖች ይጨፍራሉ፤ በዳቦ ዱቄት ያሉትም፣ በዱቄታችን ያሉትም።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላሉ። እኛ ዘንድ ደግሞ ጥማት በገደለ ዱቄት ተመሰገነ።

አንድ ነገር ልለውጥ ብዬ ሁለት ለወጥኩ። ሁለተኛውን በገዛ እጄ አነሣሁት፤ ጸጉር መያዣዬን አስቀመጥኩበት። ሳየው ነበር የከረምኩት። በየቀኑ ጠዋት ጋዋኔን ስለብስ ጸጉሬን የማስረው ከዚያች ሳህን አንሥቼ ነው። «አላወቅኩም ነበር» ብዬ ልጽፍ እስክሪብቶዬን አነሣሁና ተጸየፍኩት።

ሚያዝያ 15፣ ሰኞ

ለመቶ በመቶ አራቱን ሣጥኖች አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አየ። ሳህኖቹን አየ። ወዲያው ገባው፤ ከእኔ ይልቅ ፈጥኖ። ወይም ድሮም ያውቀው ነበር።

«ያኔ ሞተዋል አልሞቱም?»

«ሞተዋል። ግን በጥማት ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ዝንብ በምን ሞተች ብሎ የሬሳ ምርመራ የሚጠይቅ ደንበኛ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ደንበኛው ቤት ውሃ አለ። ጭማቂ አለ፣ የታጠበ ሥጋ አለ። አንድም አትሞትም።»

«እንግዲያው ቆርቆሮው ላይ "ውሃ ካለበት አርቀው ያስቀምጡ" ብለን እንጨምራለን። መቶ በመቶ።»

«ዝንቡን ነው ከውሃ የምናርቀው ወይስ ዱቄቱን?»

ከኪሱ ቆሎ አውጥቶ አፉ ውስጥ ወረወረ፤ በዚያው እጁ።

«ዩኒቨርሲቲ አበላሽቶሻል» አለ።

ሚያዝያ 18፣ ሐሙስ

ባለቤቱ ቢሮው አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ የቋሚ ቅጥር ደብዳቤዬ ተዘርግቷል። ስሜ በትልቁ ተጽፏል። ሳየው ምራቄን ዋጥኩ፤ እውነቱን ልጻፍ፣ አማረኝ።

«ሪፖርቱ ስሕተት አለበት» አልኩ።

«የማን ስሕተት?»

«የእኔ።»

«ታዲያ እኔን ምን አስጨነቀኝ?» ሳቅ ብሎ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። «ተመልከቺ ልጄ። ዱቄቱ አይሠራም ካልሽ ውሸታሟ አንቺ ነሽ፤ ፊርማው ያንቺ ነውና። ይሠራል ካልሽ ሠራተኛዬ ነሽ። ቅዳሜን እረፊና ሰኞ መጥተሽ ውሰጂው።»

መቶ በመቶ ሸኘኝ። ኮሪደሩ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔም የመጀመሪያውን ስፈርም አቅለሽልሾኝ ነበር» አለኝ። «ይለመዳል።»

ከሰማሁት ሁሉ ያንገሸገሸኝ ይኸኛው ነው። ሊያጽናናኝ ነበር።

ሚያዝያ 20፣ ቅዳሜ

የንጽሕና ተቆጣጣሪዋ መጣች። አክስቴ ቤት ገብታ መስኮቱን አየች፣ ማንጎውን አየች፤ ማንጎው አይታይም ነበር፣ ጥቁር ለብሷል። እኔ ጓዳ ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር። ድምፃቸው ብቻ ይሰማኛል።

«እትዬ፣ ይሄ እንዴት ይሆናል?»

«መድኃኒት አድርጌያለሁ። ይኸው ሳህኑ።»

«መድኃኒትዎ አይሠራም።»

«ይሠራል። የእህቴ ልጅ ፈርማበታለች፤ እሷ አትዋሽም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አደራረጉን አላወቅኩበትም።»

ቧንቧውን አልዘጋሁትም። ከጓዳም አልወጣሁም። ውሃው ሲፈስ፣ ሲፈስ፣ ተቆጣጣሪዋ በሩ ላይ ወረቀት ለጥፋ ሄደች። እስኪጸዳ ተዘግቷል ይላል።

ሚያዝያ 21፣ እሑድ

ነገርኳት። ሳህኗን፣ ዐረፍተ ነገሩን፣ ፊርማውን፣ ትናንት ጓዳ መቆሜንም። ታናሼ መጽሐፏን ከፍታ ሳታነብ ተቀምጣለች።

አክስቴ እርጥብ ጨርቋን ከትከሻዋ አወረደች።

«እና እስከ ዛሬ ስንቀልባቸው ነበር?»

«አዎ።»

«እኔ እያዞርኩ አሻሻጥኩላቸው?»

«አዎ፣ አክስቴ።»

ተነሥታ የመስኮቱን ሳህን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች። ዱቄቱ በዝንብ ኩስ ተነቁጧል።

«ለእኔ ብለሽ አታልቅሺ። እኔ በሬን አጥቤ እከፍታለሁ። ሥጋ ሻጩ ግን በእኔ አፍ ነው የገዛው፤ በእኔ አፍ መልሼ አልነግረውም። በራስሽ አፍ ንገሪው።»

«ዳቦ ጋጋሪዋም አለች፤ ሌሎቹም አሉ። ብነግራቸውስ ያምኑኛል? አሁንም የእኔ ቃል ነው።»

ታናሼ መጽሐፏን ዘጋች። «ለምን ያምኑሻል? ራሳቸው ይሥሩታ» አለች። «አስቸጋሪ አይደለም እኮ፤ እኔም ሠርቼዋለሁ።»

ሚያዝያ 23፣ ማክሰኞ

ትናንት ደብዳቤውን ሳልወስድ ጋዋኑን መልሼ መጣሁ። በምትኩ ፊርማዬን እንዳነሣሁ የሚገልጽ ወረቀትና የአራቱን ሣጥኖች ውጤት ትቼላቸው ወጣሁ፤ ለተቆጣጣሪዋም ግልባጩን ሰጠኋት። መቶ በመቶ በር ድረስ መጥቶ «ሺህ ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍትም፤ አንቺ ደግሞ አንዲት ነሽ» አለኝ። ልቀየመው ብዬ አልሆነልኝም፤ እጁን እየጠረገ ነበር።

ቤት ገብቼ ጸጉሬን ታጠብኩ። ሥራ የለኝም። ዛሬ ጠዋት ከአክስቴ ጋር በሩን በሳሙና ፈትገን ከተቆጣጣሪዋ ወረቀት ጎን ሌላ ወረቀት ለጠፍን። ሥጋ ሻጩ ቆሞ ሁለት ጊዜ አነበበውና «ሳህን አላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። የወረቀቱን ቃል እንዳይጠፋብኝ እዚህ ገልብጬዋለሁ፦

«አረንጓዴውን የዝንብ ዱቄት ለገዛችሁ ጎረቤቶች።

ይሠራል ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። የፈተንኩት ተሳስቼ ነው፤ ስሕተቱን እያየሁ ዝም ብዬ ከረምኩ። ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይቅርታዬ ግን ዝንብ አይገድልምና አንድ ነገር ልለምናችሁ።

ሁለት ተመሳሳይ ሳህን ውሰዱ። በአንዱ ያንን ዱቄት፣ በሌላው ስኳር የነካው የዳቦ ዱቄት አድርጉ። ሁለቱንም አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ ጥላ ውስጥ አስቀምጡ፤ ከሁለቱም አጠገብ ውሃ ይኑር። የሚለየው ዱቄቱ ብቻ ይሁን፤ ሌላ ምንም አትለውጡ። ሲመሽ በየሳህኑ ዙሪያ የሞተውን ቆጥሩ፤ በማግስቱም ቦታቸውን አቀያይራችሁ ድገሙት።

ከዚያ ያገኛችሁትን መጥታችሁ ንገሩኝ፤ ወይም እዚሁ ወረቀት ሥር ጻፉት። እስክሪብቶው በክር ታስሯል። እኔ ካገኘሁት የተለየ ያገኘ ሰው ካለ በተለይ እሱ ይምጣ። ፊርማዬን አትመኑ።»